በወሊድ ወቅት የክንድ ነርቭ ለተጎዳባቸው ጎልማሶች ሥር የሰደደ የትከሻና የክንድ ሕመም አያያዝ

አጠቃሎ

በወሊድ ወቅት የሚደርስ የክንድ ነርቭ ጉዳት በአብዛኛው የሕፃናት ሕክምና ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ሳይድንላቸው ለአካለ መጠን የሚደርሱ ሰዎች በጎልማሳነታቸው የአንገት፣ የትከሻና የክንድ ሕመም ያጋጥማቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕመሙ መነሻው የነርቭ ጉዳት ቢሆንም ብዙ ጊዜ ነርቭ ወለድ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ሚዛኑን ያጣ መገጣጠሚያና የደከመ ጡንቻ በሚሸከሙት ጫና የሚፈጠር መሆኑን ማስረዳት፣ ከዚህም የሚከተለውን የአያያዝ ቅደም ተከተል ማመልከት ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ብራኪያል ፕሌክሰስ፣ የወሊድ ጉዳት፣ ሥር የሰደደ ሕመም፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የጎልማሶች ክትትል

1. መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1859 የተወለዱት የጀርመኑ ቄሣር ዳግማዊ ዊልሄልም በመቀመጫቸው በኩል በመጡበት አስቸጋሪ ወሊድ ግራ ክንዳቸው ተጎድቶ ዕድሜ ልካቸውን ከቀኙ አጥሮና ደክሞ ኖሯል። በሕፃንነታቸው ግራውን እንዲጠቀሙ ሲባል ቀኝ ክንዳቸው ከአካላቸው ጋር ይታሰር ነበር፤ የተጎዳው ክንድ በኤሌክትሪክ ይነዘር፣ አዲስ በታረደ ጥንቸል ገላ ውስጥም ይከተት ነበር። እነዚህ ሕክምናዎች ሁሉ ያተኮሩት በክንዱ ጥንካሬና መልክ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ እጅግ ሰፍቷል። ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1872፣ ኤርብ በ1874 የላይኛውን የነርቭ ሥሮች ጉዳት ገለጹ፤ ኦጉስታ ክሉምፕከ ደግሞ በ1885 የታችኛውን ሥሮች ጉዳት አብራራች። ዛሬ የነርቭ ቀዶ ሕክምናም ሆነ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ በደንብ የታወቁ ዘርፎች ናቸው። ያልተለወጠው ነገር ትኩረቱ በመጀመሪያዎቹ የዕድሜ ዓመታት ላይ ማረፉ ነው። ክትትሉ እድገት ሲያበቃ አብሮ ያበቃል፤ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠናው ከዚያ በኋላ ነው።

2. የጉዳቱ ምንነትና አካሄድ

ብራኪያል ፕሌክሰስ ከአንገት የታችኛው ክፍል ከሚወጡ አራት የነርቭ ሥሮችና ከደረት የመጀመሪያው ሥር ተሠርቶ ትከሻን፣ ክንድንና እጅን የሚያንቀሳቅስ የነርቭ ጥልፍልፍ ነው። ጉዳቱ በብዛት የሚደርሰው የሕፃኑ ጭንቅላት ወጥቶ ትከሻው በእናቲቱ የዳሌ አጥንት ሲያዝና በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው ስፍራ ሲለጠጥ ነው። የሕፃኑ ክብደት ከፍተኛ መሆን፣ የእናቲቱ የስኳር ሕመምና በመሣሪያ የታገዘ ወሊድ አጋጣሚውን ይጨምራሉ። በወሊድ ጊዜ ጭንቅላት በብዛት ከሚይዘው አቅጣጫ የተነሣ ቀኝ ክንድ ከግራው በመጠኑ ይበልጥ ይጎዳል።

ሴዶን እ.ኤ.አ. በ1943 ባቀረበው አመዳደብ መሠረት ነርቭ በጥቂቱ ተጨቁኖ በሳምንታት ሊያገግም፣ ውስጣዊ ክሩ ተበጥሶ በቀን በአማካይ 1 ሚሊሜትር ያህል እያደገ ሊመለስ ወይም ጨርሶ ሊቆረጥ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ሥሩ ከሕብለ ሰረሰር ሲነቀል ነው። አብዛኞቹ ሕፃናት በደንብ ያገግማሉ። ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ግን ቋሚ ጉድለት እንደሚቀር ይገመታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህን የኋለኞቹን ነው።

3. የሕመሙ ምንጭ

በጎልማሳነቱ በአደጋ፣ ለምሳሌ በሞተር ብስክሌት ግጭት፣ የነርቭ ሥሮቹ የተነቀሉበት ሰው ብዙውን ጊዜ እንደ እሳት የሚያቃጥልና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ብርቱ ሕመም ይሰማዋል። በወሊድ ጊዜ ተመሳሳይ ጉዳት በደረሰባቸው ሰዎች ዘንድ ሁኔታው የተለየ ነው። አናንድና በርች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ጉዳቱ በወሊድ የደረሰባቸውን 24 ሰዎች መርምረው የስሜት ሕዋሳቸው በእጅጉ እንዳገገመና ይህን መሰሉ ሥር የሰደደ ነርቭ ወለድ ሕመም እንዳልታየባቸው ዘግበዋል። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ገና በማደግ ላይ ያለው የጨቅላ ሕፃን የነርቭ ሥርዓት ራሱን ከጉዳቱ ጋር የማስማማት ችሎታው ከፍተኛ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ጎልማሳው የሚያመው ከምኑ ነው? መልሱ በትከሻው አሠራር ውስጥ ይገኛል። ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ሲደክሙና ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ሲጸኑ፣ የላይኛው ክንድ አጥንት ክብ ራስ ወደ ኋላ ይገፋል። በዚህ ሁኔታ የሚያድገው የትከሻ ጉድጓድ ክብነቱን አጥቶ ይለጠጣል፤ ከጊዜ በኋላም መገጣጠሚያው ሊበላ ይችላል። በትከሻው የጠፋው እንቅስቃሴ ከጀርባ ባለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንትና በአንገት ጡንቻዎች ይካካሳል። እነዚህ ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ ከድርሻቸው በላይ ስለሚሠሩ ይዝላሉ፤ ያማሉም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ በሕክምናው ዘርፍ የመለከት ነፊ ምልክት የሚባለው ነው። ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር የማይችል ሰው እጁን ወደ አፉ ለማድረስ ክርኑን እስከ ትከሻው ከፍታ ድረስ ማንሣት ይኖርበታል። በቀኝ እጅ መብላት ሥርዓት በሆነበት ማኅበረሰብ ቀኙ የተጎዳበት ሰው እያንዳንዱን ጉርሻ የሚጎርሰው በዚህ አድካሚ መንገድ ነው። በግራው እንዳይበላ ነውር ይሆንበታል፤ በቀኙ ሲበላ ትከሻው ይዝላል። ከዚህም ሌላ ጤነኛው ክንድ የሁለቱን ሥራ ስለሚሸከም በጊዜ ብዛት እርሱም መታመም ይጀምራል።

4. ምርመራ

ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። የመጀመሪያው ተግባር የሕመሙን ዓይነት መለየት ነው። በሥራ የሚብስ፣ በዕረፍት የሚቀልና በጡንቻ ወይም በመገጣጠሚያ ዙሪያ የሚሰማ ከሆነ ጫና ወለድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የሚያቃጥል፣ የሚነዝር፣ በቀላል ንክኪ የሚቀሰቀስና ከመደንዘዝ ጋር የሚመጣ ከሆነ ግን የነርቭ ድርሻ ይኖረዋል። በጥቂት ጥያቄዎችና በቀላል የቆዳ ምርመራ የሚሞላው ዲ ኤን 4 የተባለው መጠይቅ ለዚህ ልየታ ይረዳል።

የማሌ መለኪያ የክንድን መነሣት፣ ወደ ውጭ መዞር፣ እንዲሁም እጅ ወደ ማጅራት፣ ወደ ጀርባና ወደ አፍ መድረሱን ይመዝናል። መለኪያው እንቅስቃሴን እንጂ ሕመምን ስለማይለካ ከዜሮ እስከ 10 በሚደርስ የሕመም ልኬትና ታካሚው ሊሠራው በሚፈልገው አንድ የታወቀ ተግባር መደገፍ አለበት። ራጅ የመገጣጠሚያውን መበላት፣ ኤም አር አይ ደግሞ የጡንቻውንና የልምሱን አጥንት ሁኔታ ያሳያል።

ሁሉም ሕመም ከድሮው ጉዳት ጋር መያያዝ የለበትም። በወሊድ የደረሰ ጉዳት በጎልማሳነት እየሰፋ አይሄድም። ስለዚህ አዲስ ድካም፣ አዲስ መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ትኩሳት ወይም ያልታሰበ የክብደት መቀነስ ሲታይ ሌላ ምክንያት መፈለግ ያሻል። ከደረት መጨነቅ ጋር የሚመጣ የክንድ ሕመም አስቸኳይ የልብ ምርመራ ይጠይቃል።

5. የአያያዝ ቅደም ተከተል

ሕመሙ ጫና ወለድ ከሆነ ሕክምናውም ከጫናው ይጀምራል። የታካሚው ቀን በሰዓታት ተከፋፍሎ ሕመሙን የሚያብሱ ሥራዎች ይለያሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎግራም ያህል ይመዝናል፤ በሁለት ምልልስ በትንንሽ ዕቃ መቅዳት ጉልበቱን ባይቀንስም በአንድ ጊዜ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫና በግማሽ ይቀንሳል። በሚሠሩበት ጊዜ ክርንን በጠረጴዛ ማሳረፍ፣ የሥራ ዕቃን ከትከሻ ከፍታ በታች ማስቀመጥና ሕመም ሳይበረታ ማረፍም የዚሁ ክፍል ናቸው። ዕረፍት ሲባል ክንዱን ጨርሶ መተው ማለት አይደለም፤ ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ የበለጠ ይደርቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው እንቅስቃሴ ነው። ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት የሚያጸኑ ጡንቻዎችን ቀስ በቀስ ማጠንከርና የተኮማተሩትን በየዕለቱ በእርጋታ ማሳሳብ ይመከራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንቅስቃሴውን የሚያግደው የተኮማተረ ጡንቻ ከሆነ ማሳሳብ ይረዳል፤ ቅርጹን ያጣ አጥንት ከሆነ ግን በኃይል መሳቡ ሕመም ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም። ሁለቱን ሳይለዩ አንድ ዓይነት መልመጃ ማዘዝ የተለመደ ስሕተት ነው።

መድኃኒት የእነዚህ ደጋፊ እንጂ ምትክ አይደለም። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ሕመሙ ሲያገረሽ ለአጭር ጊዜ ያገለግላሉ፤ ኢቡፕሮፌንን ለወራት ያለማቋረጥ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ምርመራው የነርቭ ድርሻ መኖሩን ካሳየ አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ በአነስተኛ መጠን፣ ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊግራም፣ ተጀምሮ እንደ አስፈላጊነቱ ሊጨመር ይችላል፤ ለልብ ሕመምተኞች ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጋባፔንቲንና ዱሎክሰቲን ሌሎች አማራጮች ናቸው። ያለዚህ ምርመራ የነርቭ መድኃኒት ማዘዝ ታካሚውን ለድብታና ለወጪ ዳርጎ የሕመሙን ምንጭ ሳይነካ ይቀራል።

የነርቭ ጥገና ቀዶ ሕክምና ለጎልማሳው አይጠቅምም፤ ለረጅም ጊዜ ነርቭ ያጣ ጡንቻ ተመልሶ ሊሠራ አይችልምና። የክንድ አጥንትን ቆርጦ አቅጣጫውን ማስተካከል ወይም መገጣጠሚያውን ማጋጠም ለተመረጡ ታካሚዎች ይሠራል። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መትከል ግን በጉድጓዱ ቅርጽና በጡንቻው ድካም ምክንያት አስቸጋሪ ነው።

6. ለኢትዮጵያ የሚኖረው አንድምታ

እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተከናወኑ ወሊዶች 48 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 26 በመቶ። ከዚህ እንደሚታየው ዛሬ ጎልማሳ ከሆኑት ብዙዎቹ የተወለዱት በቤት ስለሆነ የወሊዳቸው ታሪክ በጽሑፍ አይገኝም። ሐኪሙ ያለው ምስክር የእናት ትዝታ፣ የክንዶቹ ርዝመት ልዩነትና የትከሻው አቋም ብቻ ሊሆን ይችላል። «ክንድዎ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ ካልተጠየቀ ታካሚው እንደ ተራ የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ማስታገሻ ብቻ ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል።

7. መደምደሚያ

በወሊድ የደረሰ የነርቭ ጉዳት በጎልማሳነት የሚያስከትለው ሕመም ብዙ ጊዜ የነርቩ ሳይሆን ነርቩን ተክተው የሚደክሙት ጡንቻዎችና መገጣጠሚያዎች ሕመም ነው። ይህ ልዩነት ምርመራውንም ሆነ የሕክምናውን ቅደም ተከተል ይወስናል፤ በቅድሚያ ጫናን ማስተካከል፣ ቀጥሎ የተመጠነ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ለሕመሙ ዓይነት የተመረጠ መድኃኒት፣ በመጨረሻም ለጥቂቶች ቀዶ ሕክምና። የጠፋውን የክንድ እንቅስቃሴ በሙሉ መመለስ አይቻል ይሆናል። ያለ ሕመም መብላት፣ መሥራትና መተኛት ግን ለብዙዎች ሊደረስበት የሚችል ግብ ነው፤ ለዚህም የሕፃናት ክትትል ሲያበቃ ታካሚውን የሚረከብ የጎልማሶች ክትትል ሊኖር ይገባል።