ትምህርት ከመጀመሩ አስቀድሞ አእምሮን ስለ ማነቃቃት

ማናቸውም ሥራ መሰናዶ ያስፈልገዋል። ገበሬ ዘሩን ከመዝራቱ አስቀድሞ መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል። ምጣድም በሚገባ ሳይግልና ሳይታሰስ ሊጥ ቢፈስበት እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል። የተማሪም አእምሮ እንደዚሁ ነው። የሒሳብ ትምህርት ጨርሶ ወዲያው ታሪክ ለመማር የተቀመጠ ልጅ፣ ዓይኑ ሰሌዳውን ቢመለከትም ሐሳቡ ገና ከቁጥሩ አልተላቀቀም። ስለዚህ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ አእምሮን የሚያነቃቃ አጭር ሥራ ቢሰጥ ጥቅሙ ብዙ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ጠይቆ ኋላ መንገር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆች ማታ በእሳት ዙሪያ ተሰብስበው «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ሲባባሉ፣ የተጠየቀው ልጅ «አገር ስጠኝ» እስኪባል ድረስ መልሱን ለማግኘት ይታገላል። በመጨረሻ መልሱ ሲነገረው በቀላሉ አይረሳውም፤ አስቀድሞ ደክሞበታልና።

የዘመናችን ምርምርም ይህንኑ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት፣ ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ግን ወረቀቱን ሳያዩ ከትዝታቸው እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡትን ይበልጥ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ከትዝታቸው የጻፉት በልጦ ተገኘ። እንግዲህ ደብተርን ደጋግሞ ማንበብ ብቻ ያወቅን እየመሰለን ሊያታልለን ይችላል ማለት ነው።

ሥራው እንዴት ያለ ይሁን? ጥቂት ምሳሌ ልስጥ። በሒሳብ፣ ስለ ካሬያዊ እኩልታ ከመማር በፊት «ድምራቸው 5፣ ብዜታቸው 6 የሚሆን ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ» ይባል። 2 እና 3ን ያገኘ ተማሪ የቀኑን ትምህርት እኩሌታ ይዞታል። በታሪክ፣ የማይጨው ጦርነት፣ የውጫሌ ውልና የዓድዋ ድል ያለ ዓመታቸው ተጽፈው ተማሪው በተራቸው ያሰልፋቸው፤ 1881፣ 1888 እና 1928 ዓ.ም. መሆናቸው ኋላ ይነገረው። በእንግሊዝኛ፣ ትናንት የተማራቸውን ሦስት ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያግባ።

ነገር ግን አራት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ሥራው ከዕለቱ ትምህርት ጋር የተያያዘ ይሁን፤ ለሣቅ ብቻ የሚሆን ጨዋታ ጊዜ ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ሦስተኛ፣ ነጥብ አይያዝበት፤ ነጥብ ካለ ተማሪው ማሰቡን ትቶ ከጎረቤቱ ይገለብጣል። አራተኛ፣ ማንም እጁን ከማውጣቱ በፊት ሁሉም በየደብተሩ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ፈጣኖቹ ወዲያው ሲመልሱ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ሐሳቡን ሳይጀምር ጥያቄው ያልፈዋል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ከሆነ፣ አለማወቁ የሚገለጠው በፈተና ቀን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚረዳው አያገኝም።

አንዳንድ መምህራን «ከ40 ደቂቃ ላይ 5 ቢቀነስ መጽሐፉ እንዴት ያልቃል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው እውነት አለው። ሆኖም ስም ሲጠራ፣ ሰሌዳ ሲጠረግና ደብተር ሲፈለግ የሚያልፈው ጊዜ አሁንም የባከነ ነው። ጥያቄው በሰሌዳው ላይ ቀድሞ ቢጻፍ ያው ጊዜ ሥራ ይሠራል። ደግሞስ መጽሐፉ አልቆ ተማሪው ባዶ ቢቀር ምን ይጠቅማል?

ወላጆችም «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብቻ ሳይሆን «ባለፈው ሳምንት የተማርኸውን ደብተርህን ሳታይ ንገረኝ» ቢሉ ቤቱ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ይሆናል። እኛም የክፍል ጓደኞች መምህሩ እስኪመጡ በጫጫታ ከምናሳልፍ፣ የክፍሉ አለቃ አንድ ጥያቄ በጠመኔ ይጻፍልን፤ ሁላችንም በዝምታ እንሞክረው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁራጭ ጠመኔና በጎ ፈቃድ ብቻ ነው።