ያልታወቀን ዕቃ ስለ መግለጽ

አንድ አሮጌ የብርድ ቆብ ቢቀርብላችሁ ስሙን ለመናገር አትቸኩሉ፤ አስቀድማችሁ ዐይናችሁ ያየውን ብቻ ጻፉ።

«ቆቡ ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሰፋ ነው። አናቱ ሹል ነው። የጆሮ መሸፈኛው ወደ ላይ ታጥፎ በቁልፍ ተይዟል። በግንባሩ ላይ ሰማያዊ የጨርቅ ኮከብ አለ።»

ፍቺው ከዚህ በኋላ ይከተላል፦ «ቅርጹ የሶቪየት ቀይ ጦር ቡዲዮኖቭካ ነው፤ ኮከቡ ሰማያዊ ስለ ሆነ የፈረሰኛ ሳይሆን አይቀርም።» ይህ ቆብ እ.ኤ.አ. በ1919 ሥራ ላይ ውሎ፣ ከፊንላንድ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በ1940 ኡሻንካ በተባለው ባለጠጉር ቆብ ተተካ፤ ብርቱውን ብርድ አልቻለውምና።

ሁለተኛው ማሰሪያ አንቀጽ ስለ ምን «ነው» አልሆነም? ኮከብ ተፈትቶ ሌላ ሊሰፋ ይችላል፤ ለፊልም የተሠራ አምሳያም አይጠፋም። በቤታችሁ ያለ አንድ አሮጌ ዕቃ በዚሁ ስልት ግለጹ፤ ስሙን በመጨረሻ አድርጉት።