ስለ ነቀርሳ ሕመም ገንዘብ ስንጠይቅ

የጥናት ምንባብ፦ ነህምያ 1፥1 እስከ 2፥8፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥16–21

በደቡብ ጎንደር ደጋ ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ሰው ትከሻውን እንዲሰጥ አይለመንም። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። ከጉና ግርጌ እስከ ደብረ ታቦር ብዙ ሰው የደረሰው እንዲህ ነው። ሕመሙ ነቀርሳ (ካንሰር) ሲሆን ግን መንገዱ እዚያ አያበቃም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከደብረ ታቦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን መንገድ ትከሻ አይችለውም። ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍረናል።

አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ልጃቸውን ማቲዎስን ገና በሕፃንነቱ በደም ካንሰር አጡ። በ1996 ዓ.ም. በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። እነዚህ ወላጆች ሌላውን ሰው እርዳታ ሲጠይቁ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለራሳቸው ልጅ እንደማይደርስ ያውቁ ነበር። የጠየቁት ስለ ሌላ ሰው ልጅ ነው።

ነህምያም የኢየሩሳሌምን ጥፋት በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየም። ከካሴሉ እስከ ኒሳን አራት ወር ያህል አለፈ። ንጉሡ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው ግን ነገሩን አላድበሰበሰም። ፈርቶ ነበር፤ ቢሆንም የሚቆይበትን ጊዜ ወሰነ፣ ለአገረ ገዥዎች ደብዳቤ፣ ለበሮቹ እንጨት ጠየቀ። እኛም ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ለይተን ካልተናገርን ሰሚው እንዴት ያምነናል?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። የታመመችውን እናት ማሳከሚያ አንድ ነገር ነው፤ ለምርምር መስጠት ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት የሰበሰበ ሰው ሁለቱንም ወገን ያሳዝናል። ምርምሩ ይቺን እናት ያድናታል ብሎ ተስፋ መስጠትም ሐሰት ነው፤ ፍሬው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ለልጅ ልጆቿ ነውና። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን የማኅፀን በር ነቀርሳን ከሚያመጡት ቫይረሶች አንዱን ያገኙት በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። መከላከያው ክትባት ለአገልግሎት የተፈቀደው በ2006 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። በመካከሉ ስንት ሰጪ ፍሬውን ሳያይ አልፎ ይሆን!

ምርምር ሁሉ በውጭ አገር የሚሠራ አይምሰላችሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የነቀርሳ ሕሙማን መዝገብ ተጀመረ። ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በየትኛው ነቀርሳ እንደ ታመመ መጻፍ ተራ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ያልተቆጠረ ሕመም በጀት አያገኝም። ያ መዝገብ የተቋቋመው የከተማዋን ነዋሪዎች ለመቁጠር ነው። በፋርጣ መንደር ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ለማንም ሳትናገር የምትሞት ሴት በዚያ አትቆጠርም።

ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈው ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞች ተላኩ። በየማኅበሩም ለማሳከሚያና ለምርምር ሁለት ደረሰኝ ይኑር፤ ሦስት ሰዎች ይቍጠሩት፤ ድምሩ በጉባኤ ፊት ይነበብ። ሕመምተኛው ቢሞት የተረፈው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይነገር፤ በለቅሶ ቤት ስለዚህ መነጋገር እጅግ ከባድ ነው።

ደግሞም ሕመምተኛው ሳይፈቅድ ስሙም ፎቶግራፉም አይውጣ። እኛ በእርዳታ ሥራ ያለን ሰዎች በዚህ እንፈተናለን፤ የሚያስለቅስ ፎቶግራፍ ኪስ ይከፍታልና። አንዲት እህት ስለ ሕመሟ ሊነገር የምትፈቅደው ለሽማግሌዎች ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡ ቢያንስም በዚያው ይቁም።

ለውይይት፦ በማኅበራችሁ አንድ ቤተሰብ በነቀርሳ ዘመዱን ቢያጣና ለምርምር ገንዘብ ልሰብስብ ቢል፣ በመጀመሪያ ምን ትጠይቁታላችሁ? ገንዘቡንስ የሚቈጥሩት ሦስቱ ሰዎች እነማን ይሆናሉ?