አፍ የሚያስይዝ ስጦታ

ወጣት፦ አባባ፣ አምባገነን መንግሥታት በዓለም ላይ እየገነኑ ነው ይባላል። ጦር ሳይሰብቁ እንዴት ይሆንላቸዋል?

ሽማግሌ፦ ድሮማ በጦር ነበር፤ ጣልያኑም በዚያው መጥቶ በዚያው ሄደ። የዛሬው ግን ስጦታ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የአፍሪካ ኅብረትን ሕንጻ አይተኸዋል?

ወጣት፦ ቻይና የሠራችውን?

ሽማግሌ፦ እሱን። ቦታው ዓለም በቃኝ እስር ቤት ነበር። በደርግ ጊዜ ለወንድሜ ስንቅ አመላልስበት ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰልኝ። ሽሮው ገና ትኩስ ነው። ትርጉሙ ለሰልፈኛው ሁሉ ገብቶታል፤ ትንፍሽ ያለ ግን የለም። እኔም አላልኩም።

እስር ቤቱ ፈረሰና ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሕንጻውን ሠርታ በስጦታ ሰጠች፤ ጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። በጥር 2010 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ ጉድ አወጣ፤ የኅብረቱ የኮምፒውተር መረጃ ለዓመታት በየሌሊቱ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ወደ ሻንግሃይ ይጋዝ ነበር አለ። ቤጂንግ ሐሰት ነው አለች።

ወጣት፦ ኅብረቱስ?

ሽማግሌ፦ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው! የያኔው የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሙሳ ፋኪ ለጉብኝት ቤጂንግ በሄዱበት አስተባበሉ። የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜም ስለላው አያሳስበኝም፣ ምነው ሕንጻውን ራሳችን በሠራነው ኖሮ ብለው አለፉት። ቤታችሁ ተሰረቀ ሲባል በሩን የሚፈትሽ ይጥፋ? የበላበትን ወጪት ሰባሪ እንዳይባል እኮ ነው።

ወጣት፦ ምዕራባውያንስ አይሰልሉም?

ሽማግሌ፦ ይሰልላሉ! እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ የያኔዋን የጀርመን መሪ የአንጌላ ሜርክልን ስልክ ጠልፋለች ሲባል ግን ጀርመኖች ጮኹ፤ በዓመቱ ፓርላማቸው መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ልዩነቱ መጠየቁ ላይ ነው። ደግሞ ዝም የሚያሰኘው ድህነት ብቻ አይምሰልህ። ኖርዌይ ሀብታም ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለቻይናዊው እስረኛ ሊዩ ሺያቦ በኦስሎ ሲሰጥ ቻይና ግንኙነቷን አቀዘቀዘች፤ የሳልመን ዓሣ ነጋዴዎቹም ተጎዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኖርዌይ መንግሥት የቻይናን መሠረታዊ ጥቅም የሚጎዳ ነገር አልደግፍም ብሎ ፈረመ። አምባገነን በዓለም የሚገንነው እንዲህ ነው፤ የማንንም አፍ አይለጉምም፣ እያንዳንዱ የራሱን አፍ በራሱ እጅ እስኪይዝ ይጠብቃል።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እኔ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ከዚያ በር ዝም ብዬ የተመለስኩባት ቀን ግን ነቅዛ፣ እስከ ዛሬ ትበላኛለች። እናንተ ጠይቁ።