ያልወደድነው ርዕስ ሲደርሰን



የመመረቂያ ጥናት ርዕስ በተደለደለ ቁጥር ከሶላት በኋላ የምንሰማው ወሬ አንድ ነው፤ «ያልፈለግኩት ደረሰኝ»። ከዚህ በፊት አንድ ወንድማችን ሲሪንቃ አጠገብ ባለ የማሽላ ማሳ ላይ አቀንጭራ እንዲቆጥር ተመደበ። ልቡ ያለው መስኖ ላይ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ከመርሳ በሚኒባስ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ፕሎት ከመሬት ብቅ ያለውን አቀንጭራ አንድ በአንድ ቆጥሮ ይመዘግባል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፀሐዩ ይበረታል፣ ወገብ ይቆረጣል። በሦስተኛው ዙር የመጨረሻዎቹን ፕሎቶች ሳያይ ቁጥር ሞልቶ ተመለሰ። ሲነግረን ሳቅን። እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩን እንደ ብልጠት ያየን ጥቂት አልነበርንም።

ሳቁን ያቆመው አንድ የሀብሩ ገበሬ ልጅ የሆነ ጓደኛችን ነው። «የምትቀልዱት በአባቴ ማሳ ነው» አለ።

አቀንጭራ ሐምራዊ አበባው ሲታይ ያምራል፤ ጉዳቱ ግን ከአበባው ይቀድማል። ዘሩ እንደ ዱቄት ደቃቅ ነው፤ አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃል፤ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። ገበሬው ከመሬት በላይ ሲያየው ማሽላው ተዳክሞ ቆይቷል። አንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች ያን የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር በጣም ጥቂት ብቻ ያመነጫሉ፤ ስለዚህ አቀንጭራው ሳይነቃ ይቀራል። የትኛው ዝርያ እንዲህ እንደሆነ ማሳ ላይ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ያው አሰልቺ ቆጠራ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ጊራና-1ን የመሰሉ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጣ ተቋም ነው፤ አንድ ዝርያ ከመነሻው ገበሬ እጅ እስኪደርስ አሥር ዓመት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የሚገባው ቁጥር በሰው እጅ የተጻፈ ነው። በግምት የተጻፈ «3» ደካማውን ዝርያ ብርቱ ሊያስመስለው ይችላል።

ስለዚህ ነገሩ የስንፍና ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የአማና ጉዳይ ነበር። ሥራውን አለመውደድ ኃጢአት አይደለም፤ ልብን ማዘዝ ከባድ ነው። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የተሸጡበትን ቤትም ሆነ የታሰሩበትን እስር ቤት አልመረጡም። ግን እዚያው እስር ቤት ሳሉ ስለ ንጉሡ ሕልም ሲጠየቁ ፍቺውን አልነፈጉም፤ እህሉ ከነዘለላው እንዲቀመጥ እስከማመልከት ድረስ ዝርዝሩን ተናገሩ። ለግብርና ተማሪ ይህች ዝርዝር ትጣፍጣለች።

ከወንድማችን ጋር ቁጭ ብለን ስንነጋገር ደግሞ የሚጠላው ማሽላውን አለመሆኑ ታወቀ። የጠላው ለምን እንደሚቆጥር ሳያውቅ ብቻውን መቁጠሩን ነበር። አልጠየቀም፤ የነገረውም አልነበረም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ብዙዎቻችን «ርዕሱን ጠላሁት» ስንል የጠላነው ብቸኝነቱን፣ የትራንስፖርት ወጪውን ወይም አለመረዳታችንን ነው። ርዕሱን ራሱን የጠላ ደግሞ ይቀየርልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ምክንያቱን በግልጽ ተናግሮ ነው እንጂ ማሽላው ዘለላ ካወጣ በኋላ አይሆንም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በወጣትነታቸው ሊማሩ ያሰቡት ምህንድስና ነበር፤ ወደ ግብርና እንዲያዘነብሉ ያሳመኗቸው እናታቸው ናቸው። ዓለማያ ተምረው፣ ኋላ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ድርቅንና ይህንኑ አቀንጭራ የሚቋቋም ማሽላ ላይ ብዙ ዓመት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ይህን የምናነሳው ያልመረጠ ሁሉ ይሸለማል ለማለት አይደለም። ሰው ያሰበበትና የጠቀመበት ቦታ ሊለያይ እንደሚችል ለማሳየት ያህል ነው።

ወንድማችን ለአማካሪ መምህሩ ሄዶ ተናገረ። ቀላል አልነበረም፤ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ዱዓ ሲያደርግ ነበር። ያለፈውን ዙር ተመልሶ መቁጠር አይቻልም፤ አቀንጭራው በየቀኑ ይጨምራልና። ስለዚህ በእነዚያ ፕሎቶች ፊት «አልተቆጠረም» ብሎ ጻፈ፤ ጥናቱ ላይም ክፍተቱን ገለጸ። ውጤቱ ተነካ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዙሮች ግን ሁለት ሁለት ሆነን አብረነው ሄድን፤ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል። ሥራው በግማሽ ቀን ያልቅ ጀመር። እሱ ዛሬም ቆጠራ አይወድም።

በዚህ ሴሚስተርም የማሳ ሥራ ደርሶት ብቻውን የሆነ ካለ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በረንዳ ላይ ያግኘን። ኮፍያና ውኃ ይዘን አብረን እንወጣለን፣ ኢንሻአላህ።