ከፊደል በኋላ ምን ይነበባል?

በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ትምህርት የማይጸናበት ምክንያት ሲጠየቅ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ድህነትን ይጠራል። ድህነት እንቅፋት መሆኑን ማንም አይክድም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ብዙ የማይነገርለትን ሌላ እንቅፋት ነው፤ ይኸውም የተማሩት ነገር ሥራ ፈትቶ መቅረቱ ነው። ለዚህም ከገዛ አገራችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። ከዚያም በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሥራው በእውነት ትልቅ ነበር። ገበሬው ከእርሻው፣ እናቶችም ከጓዳ እየወጡ ፊደል ቆጠሩ፤ ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ኋላም መንግሥት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከመቶ 60 በላይ እንደ ደረሰ አስታወቀ። ይሁን እንጂ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከሦስት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

ያ ሁሉ ትምህርት የት ገባ? ቁጥሩ ከመጀመሪያውም ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ጦርነቱና የ1977ቱ ረኃብም ብዙ አፍርሰዋል። አያቴን ስጠይቃቸው ግን ሌላ መልስ አገኘሁ። እሳቸው በዘመቻው ተምረው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል፤ ወረቀቱም እስከ ዛሬ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥናቸው ውስጥ ይገኛል። የተጻፈበትን ማንበብ ግን አይችሉም።

«እማማ፣ እንዴት ጠፋብዎ?» ብላቸው፣

«ልጄ፣ ከመማሪያው መጽሐፍ ሌላ የሚነበብ ምን ነበረና? እሱንም ልጆች ቀደዱት» አሉኝ።

በመንደራቸው ጋዜጣ አይደርስም ነበር፤ ማታ ለኩራዝ የሚሆነውም ጋዝ ውድ ነበር።

ነገሩን እንዲህ ብናየው ይገባናል። በተለመደው ገበታ 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ ስላላቸው በጠቅላላው 231 ይሆናሉ። ጀማሪ አንባቢ አንዱን ከሌላው ለይቶ ድምፁን እስኪጠራ ድረስ የመስመሩን መጀመሪያ ይረሳዋል። ዓይን ቃሉን በሙሉ ባንድ ጊዜ የሚያውቀው ብዙ ካነበበ በኋላ ነው፤ እዚያ ሳይደርስ ያቆመ ሰው ሥራ እንደ ፈታ ማረሻ ይዝጋል።

ይህ የአያቶቻችን ዘመን ጣጣ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም በአካባቢያችን ከመማሪያ መጻሕፍት በቀር አንድም የንባብ መጽሐፍ የሌለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እኔ ራሴ አይቻለሁ።

የእኛ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ተቆልፎ ይውላል። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተራ እየገባን ቅዳሜ ጠዋት ለወላጆችና ለታናናሾቻችን እንድንከፍተው ለመምህራኖቻችን ጥያቄ አቅርበን መልሱን እየጠበቅን ነው። ወላጆችም በሚመጣው ስብሰባ ጉዳዩን ቢያነሡልን ደስ ይለናል።