ያየውን የጻፈ ተማሪ

በአዲስ አበባ ከተማ፥ ፒያሳ በሚባለው በአራዳ ሰፈር፥ ከአያቱ ጋራ የሚኖር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። አያቱ በጉልት ጥራጥሬ እየሸጡ ያሳድጉት ነበር። ልጁ በንባብና በሒሳብ ብርቱ ሲሆን በባዮሎጂ ግን ደካማ ነበረ። ባዮሎጂ ማለት ስለ ዕፅዋት፥ ስለ እንስሳትና ስለ ሰው አካል፥ በጠቅላላውም ሕይወት ስላለው ፍጥረት ሁሉ የሚመረምር ትምህርት ነው።

አንድ ቀን መምህሩ፥ «ከባሕር ዛፍ ሁለት ቅጠል አምጡ፤ አንዱ ከጉቶ ላይ ከሚያቈጠቍጠው ለጋ፥ ሁለተኛው ከትልቁ ዛፍ ይሁን። ሁለቱንም አስተውላችሁ ሣሉ» ብለው አዘዙ። ባሕር ዛፍ የጥንት አገሩ አውስትራልያ ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ የተተከለው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ልጁም፥ «ባሕር ዛፍን የማያውቅ ማን አለ?» ብሎ፥ ቅጠሉን ሳይፈልግ በቤቱ ተቀምጦ ሁለቱንም ረዥምና ቀጭን፥ እንደ ማጭድም የጐበጡ አድርጎ ሣላቸው።

በማግሥቱ መምህሩ ሥዕሉን አይተው የቍጣ ቃል አልተናገሩም። አንድ ለጋ ቅርንጫፍ አንሥተው ከሥዕሉ አጠገብ አኖሩት እንጂ። የለጋው ቅጠል ሰፊና ወደ ክብነት ያደላ ነበረ፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከቅርንጫፉ ጋራ ተጣብቋል፤ መልኩም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ልጁ በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፈውን ዛፍ ከቶ አስተውሎት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ተረዳና አፈረ። ከ10 ነጥብም ያገኘው 2 ብቻ ሆነ።

ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ መምህሩ ሌላ ሥራ ሰጡ። ይኸውም እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ባቄላ ዘርቶ፥ እስከ 3 ሳምንት ድረስ በየቀኑ የሚያየውን እንዲጽፍ ነበር። ልጁም አያቱን ባቄላ በለመናቸው ጊዜ፥ «ክኩ አይበቅልልህም፤ ድፍኑን ውሰድ። ውሃም አታብዛበት፤ ዘር ትንፋሽ ሲያጣ ይበሰብሳል» ብለው 5 ፍሬ መርጠው ሰጡት። እርሱም በሰፊ ብርጭቆ ውስጥ አፈር ጨምሮ፥ ከውጭ ይታዩ ዘንድ ፍሬዎቹን በብርጭቆው ዳር ዳር ዘራቸው።

በመጀመሪያ ባቄላው ውሃ ጠጥቶ አበጠ። ቀጥሎም ቆዳው ተሰነጠቀና ነጭ ሥር ብቅ ብሎ ወደ ታች ወረደ። ከዚያም ቡቃያው እንደ ሜንጦ አንገቱን አጕብጦ ወደ ላይ ወጣ፤ ብርሃንም ባገኘ ጊዜ ቀና ብሎ ቅጠሉን ዘረጋ። የፍሬው ሁለት ግማሾች ግን ከአፈር በታች እንደ ተቀበሩ ቀሩ። ልጁ ይህን ሁሉ ከነቀኑ ጻፈ።

ደብተሩ የሚሰጥበት ቀን በቀረበ ጊዜ አንድ ጓደኛው ያነብበው ጀመር። «ይህ ስሕተት ነው» አለው። «መጽሐፉ ሁለቱ ግማሾች ከአፈር በላይ ይወጣሉ ይላል። እኛ ሁላችን ከመጽሐፉ ገልብጠናል፤ አንተም ቶሎ አርም። በዚህ ከወደቅህ ክፍሉን ትደግማለህ» ሲል መከረው።

ልጁ በልቡ ታወከ። ወደ ቤቱም ገብቶ አንዱን ተክል በጥንቃቄ ነቀለና መረመረ፤ ግማሾቹ ከሥሩ አጠገብ ነበሩ። በዚያ ማታ፥ «እማማ፥ ዓይኔ ያየው አንድ፥ መጽሐፉ የሚለው ሌላ ሆነብኝ፤ የቱን ልጻፍ?» ብሎ ጠየቃቸው።

አያቱም፥ «ልጄ፥ እኔ ፊደል አልቈጠርሁም። ነገር ግን ጣሳዬን ሳልሞላ ሞላሁ ብዬ ብሸጥ፥ ገዢው ቤቱ ገብቶ ሲሰፍረው ያውቀዋል። አንተም ያየኸውን ያህል ስፈር» ብለው መለሱለት። ልጁም ደብተሩን ሳያርም ወስዶ ሰጠ።

መምህሩ ደብተሮቹን ሁሉ ከመረመሩ በኋላ ተማሪዎቹን እንዲህ አሏቸው። «በመጽሐፋችሁ የተጻፈው ስለ ቦሎቄ ነው። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ግማሾች ተሸክሞ ከአፈር በላይ ይወጣል። ባቄላ ግን ከአፈር በታች ይተዋቸዋል። በሁለቱም ግማሾቹ ለቡቃያው ስንቅ ናቸው፤ ቅጠሉ በብርሃን ምግቡን መሥራት እስኪጀምር ድረስ ይመግቡታል። እንግዲህ መጽሐፉም አልዋሸም፥ ባቄላውም አልዋሸም። የዋሸው ሳያይ አየሁ ያለው ነው።» የገለበጡት ተማሪዎች አንገታቸውን ደፉ። መምህሩም ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ፍሬ ባቄላ ሰጥተው እንደ ገና እንዲዘሩ አዘዟቸው። ያ ልጅ ግን ሙሉ ነጥብ አገኘ።

ቀጥለውም መምህሩ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነገሯቸው። እኒህ ኢትዮጵያዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአድዋ ቢልሃርዚያ ስለሚባለው በሽታ ይመረምሩ ነበር። የዚህ በሽታ ትል በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወጥቶ፥ ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳውን በስቶ ይይዘዋል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በእንዶድ ማጠብ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው፤ እርሳቸው ግን ያዩትን ዝም ብለው አላለፉትም። ፈትነውም እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። ስለዚህም ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ልጆች ሆይ፥ መጽሐፍን አክብሩ፤ ነገር ግን ዓይናችሁ ሳያይ እጃችሁ አየሁ ብሎ አይጻፍ። ያያችሁት ከተጻፈው ጋራ ባይስማማ ደግማችሁ መርምሩ፥ ጠይቁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።

ጥያቄ።
1. ልጁ በመጀመሪያው ሥራ ስለ ምን 2 ነጥብ ብቻ አገኘ?
2. የባቄላና የቦሎቄ አበቃቀል በምን ይለያል?
3. አያቱ ስለ ጣሳ የተናገሩት ቃል ትርጕሙ ምንድር ነው?
4. በቤታችሁ ባቄላና ቦሎቄ ዝሩና ያያችሁትን በየቀኑ ጻፉ።